እቴቴ የቀቀሉት ባሕር

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ያወጣው መልአክ ግን ቸኩሎ መሆን አለበት፤ ትዕግሥት ብሎኝ ሄደ። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ አለችኝ። ደንበኛ ስልኩን አስቀምጦ “መቼ ልምጣ?” ሲለኝ “የት ትሄዳለህ? እዚሁ ቁም” የምል ሰው ነኝ። ሻይ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ስለማልችል ምላሴ ሁልጊዜ እንደተቃጠለ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ቤታችን ውስጥ የሆነው ነገር በምን ዓይነት ሰው ላይ እንደደረሰ እንድታውቁልኝ ነው።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ እኔ፣ አባቴና የአባቴ ታላቅ እህት እቴቴ። እቴቴ አባቴን በልጅነቱ አዝለው ያሳደጉት፣ እናቴ ካረፈች በኋላ ደግሞ እኔን የተረከቡኝ ሴት ናቸው። አባቴ በወጣትነቱ ባሕር ኃይል ነበር። ምጽዋ ላይ ጠላቂ ሆኖ፣ ውሃ ውስጥ እየገባ የመርከብ ሆድ ይፍቅ ነበር። ኋላ ባሕሩም ሥራውም ሲቀር ወደ ተወለደበት ሰፈር ተመልሶ በብየዳ አሳደገኝ። ስለ ባሕር ብዙ አያወራም ነበር፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ዓይኑ የሚያየው መጥበብ ጀመረ። ግላኮማ ነው አሉን። ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች፤ ግን አልደበቀችንም። “ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልሰውም። አባባ፣ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ይዩት” አለችው።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ “አባዬ፣ ምን ማየት ትፈልጋለህ?” አልኩት። የእናቴን መቃብር የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

“የባሕር አበባ” አለኝ።

ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ የምትኖር፣ አበባ የምትመስል እንስሳ ናት። የተማሩት አኒሞን ይሏታል። አባቴ መጀመሪያ የጠለቀ ቀን እንዳያት የነገረኝ ያን ዕለት ነው። “ፈርቼ ነበር። ልወጣ ስል ድንጋይ ላይ አየኋት፤ ጫፍ ጫፏ ወይን ጠጅ። ጣቴን ሰጠኋት። ያዘችኝ። ከዚያ በኋላ ውሃ ፈርቼ አላውቅም።” እኔ በዚያው ሳምንት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሄጄ ትልቅ የመስተዋት ሳጥን አሠራሁ።

ጨው ውሃ ግን ለቸኳይ ሰው የተሠራ ነገር አይደለም። የእቴቴ ልጅ ደምስ የጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የባሕር ውሃ በጀሪካን፣ የባሕር ድንጋይ በማዳበሪያ ከረጢት ጭኖ አመጣልን። ሳጥኑን ሞላን፣ ፓምፑን ሰካን፣ እኔ በማግስቱ አበባዋ ትምጣ አልኩ። ኋላ ላይ ከዩቲዩብም ከአባቴም የተማርኩት፣ መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ በዓይን የማይታይ ሕይወት መራባት እንዳለበት ነው። ቆሻሻውን የሚበላው እሱ ነው። እሱ ሳይበረታ አበባዋ ከገባች በራሷ ቆሻሻ ተመርዛ ትሞታለች። ጥንስስ እንደመጠበቅ ነው፤ ግን ጥንስሱ ወራት ይፈጃል።

አባቴ በየማለዳው ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል። “ገና ጥሬ ነው” ይላል። ከዚያ የደረቀ ዓሣ ፈርፍሮ ቆንጠር ያደርግበታል፤ ያ የማይታየው ነገር የሚበላው እንዲያገኝ። እቴቴ በዚህ ይስቁ ነበር። “ልጄ፣ ባዶ ውሃ ትቀልባላችሁ?” ይሉኛል። ጎረቤቱም ያሾፍብን ነበር። እኔ የምቆጥረው የአባቴን ዓይን ነበር። ዛሬ የደረጃው ጫፍ ጠፋው፣ ትናንት የሻዩን ብርጭቆ ሳተው እያልኩ በሆዴ እይዛለሁ። ውሃው ቶሎ በስሎ ዓይኑ ቀስ ብሎ እንዲጠብ እጸልይ ነበር። ከደምስ ጋር የተነጋገርነው አበባዋን ከመስቀል በኋላ ሊያመጣት ነው።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደምስ ደወለ። እቴቴ አጠገቤ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ። አባቴ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል።

“ትዕግሥቴ፣ አዋሽን አለፍኩ። ይዣታለሁ” አለኝ።

“ማንን?”

“አበባዋን ነዋ።”

“ከመስቀል በኋላ አላልንም?”

“የጋሼ ዓይን መስቀልን ይጠብቃል እንዴ? ዓሣ አጥማጁ ወዳጄ አግኝቶ ሲሰጠኝ ጣላት ልበለው?”

“ደምስ፣ ውሃው ጥሬ ነው። ጥሬ ውሃ ውስጥ ከገባች ትሞታለች። ገባህ? ጥሬ ነው።”

ዘጋሁትና ቦርሳዬን አነሳሁ። ቢያንስ በመጣችበት ባልዲ እንድትቆይ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ያስፈልጋታል፤ ከሱቄ ዕቃ ፈታትቼ እሠራዋለሁ ብዬ ወጣሁ። እቴቴ ከምስሩ ቀና ብለው “እሱ ብቻ ነው ችግሩ? ጥሬነቱ?” አሉኝ። “እሱ ብቻ ነው” ብያቸው በሩን ዘጋሁት።

ስመለስ ደረጃው ላይ አንዲት ጎረቤታችን “ዛሬ ድግስ አላችሁ እንዴ? ሽታው ግን የምን ወጥ እንደሆነ ጠፋኝ” አለችኝ። የቀረውን ደረጃ በሩጫ ወጣሁት።

በረንዳው በእንፋሎት ተሸፍኗል። ሁለት የከሰል ምድጃ ተያይዟል። አንዱ ላይ የድግስ ድስታችን ተጥዶ የባሕር ድንጋዮቹ ውስጡ ይንተከተካሉ። የመስተዋቱ ሳጥን ከግማሽ በታች ጎድሏል፤ መስተዋቱ ደግሞ ተወልውሎ ያበራል። እቴቴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ በጭልፋ ድንጋይ ያገላብጣሉ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ አሁንም አልረሳውም።

“እቴቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

“ጥሬ ነው አላልሽም? ውሃውን እያፈራረቅኩ አፈላሁት፤ ድንጋዩም ሊበስል ነው። እናንተ ይህን ሁሉ ወር የጠበቃችሁትን እኔ በአንድ ጠዋት ጨረስኩላችሁ። መስተዋቱና ድንጋዩ ላይ የጋገረውን አረንጓዴም ፈግፍጌ አጠብኩት። እንዴት ቆሽሾ ነበር ልጄ።”

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያ አረንጓዴ፣ ያ በዓይን የማይታየው ሁሉ፣ የወራቱ ጥበቃ ሁሉ ድስት ውስጥ ሞቷል። ቃሉ ነው የገደለን። እኛ “ጥሬ” ስንል ያልጎለመሰ ማለታችን ነበር፤ እሳቸው የሰሙት ግን ማንም የአዲስ አበባ እናት የምትሰማውን ነው። ጥሬ ውሃ ያሳምማል፤ ጥሬ ውሃ ይፈላል። ይህን አሁን ሳስበው ይገባኛል። ያኔ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነበር።

“እቴቴ፣ የአባዬን ዓይን ነው የቀቀሉት።”

ጭልፋው እጃቸው ላይ ቀረ። ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ስንት ጊዜ እየደጋገምኩ እንደሆነ አላውቅም። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

“እንደገና እስኪሆን ስንት ይፈጃል?”

“እስካሁን የፈጀውን ያህል። ከዚያም በላይ።”

“የእሱ ዓይንስ?”

በዚህ መሃል የአባቴ ከዘራ ደረጃው ላይ ተሰማ። ተነስቼ ልቀበለው ስል እቴቴ ክንዴን ያዙኝ። “እኔ ነኝ የምነግረው” አሉ።

አባቴ በሩ ላይ ቆም ብሎ አየሩን ሳበ። “ምንድን ነው? ባሕር ፈልቷል?” አለ።

እቴቴ ሄደው እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ፤ ተሽቀዳድሞ ትከሻቸውን ያዘ። “ወንድሜ፣ አጠፋሁህ” አሉት። “ጥሬ ነው ሲባል ሰምቼ ቀቀልኩት። ድንጋዩን፣ ውሃውን፣ ሁሉንም። አበባዋ ዛሬ ልትደርስ ነው፤ የምትገባበት የለም። ዓይንህን በእጄ አጠፋሁት።”

እኔ የአባቴን ፊት አየሁ። የሆነ ነገር መጥቶ ሄደበት፤ መንጋጋው ጠበቅ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። መቆጣት ነበረበት። እንዲቆጣም እፈልግ ነበር፤ ያን ያህል ተቃጥዬ ነበር። እሱ ግን እየዳበሰ ወደ በረንዳው ወጣ፣ በከዘራው ድስቱን ነካ አደረገውና ጎንበስ አለ።

“እና ድንጋዩ በሰለ?” አለ።

“ምን?” አሉ እቴቴ።

“በሰለ ወይ? ይህን ሁሉ ከሰል በልቶ ካልበሰለማ ያሳዝናል።”

እቴቴ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንቀጠቀጡ። አባቴም ሳቀ። “ምሳ አለ ወይስ ድንጋዩን ነው የምንበላው?” አለ። ምስሩ ቀርቦለት በላ፤ አስጨመረም። እቴቴ ግን አልቀመሱም፤ እኔም አልወረደልኝም።

ከምሳ በኋላ እቴቴ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ያኔ ጠየቅኩት። “አባዬ፣ እንዴት አትናደድም?”

“ማን አልተናደደም አለሽ?” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ተናድጃለሁ። ግን ንዴቴ የሚያርፈው የት ነው? እሷ ላይ ነው። ውሃ እንደገና ይጠበቃል። እህቴን ከሰበርኳት ምን ብዬ ነው የምጠብቀው?”

ደምስ አመሻሹ ላይ ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ አቅፎ ደረሰ። የሆነውን ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ባልዲው ውስጥ ያለችው ነገር አበባም እንስሳም አትመስልም ነበር፤ የተቋጠረ መሀረብ ታክላለች፣ አልተንቀሳቀሰችም። የሠራሁትን አየር መንፊያ አስገባሁላት። ከዚያ ያሰብኩትን ተናገርኩ።

“ሳጥኑ ውስጥ እንክተታት። ለአንድ ሳምንት ትኖራለች። አባዬ ያያታል። ከዚያ የሆነው ይሁን።”

“ከዚያ የሚሆነውን አውቀዋለሁ” አለ አባቴ። “ማየት የምፈልገው እሷን ነው፤ ሞቷን አይደለም። ደምስ፣ መቼ ነው የምትመለሰው?”

“ሰኞ ማለዳ ጋሼ።”

“እስከዚያ በመጣችበት ውሃ በባልዲው ትቆይ። ሰኞ ይዘሃት ሂድና ከተወሰደችበት መልሳት።”

“ይህን ሁሉ መንገድ ያመጣኋት ልመልሳት?”

“የእሷ ውሃ የበሰለ ነው፤ የእኛ ጥሬ ነው” አለ። ከዚህ በላይ አልተከራከርነውም።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባልዲውን በረንዳ ላይ አወጣንለት። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከዘራውን ጉልበቱ መሃል አደረገ። እቴቴ ከክፍላቸው አልወጡም። ቁርስ አልበሉም። በሩን ሳንኳኳ “ተዪኝ” ይላሉ። አባቴ ይህን ሁሉ ይሰማል።

አበባዋ አልተከፈተችም። ሰማዩ ደመና ነበር፤ እሷ ደግሞ ብርሃን ትፈልጋለች። እኔ እቆማለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ባልዲውን አያለሁ፣ ሰማዩን አያለሁ። ስልኬ ይጮሃል፤ ዘጋሁት። ነገ ማለዳ መሄዷ ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ ትምጣ ቢባል ውሃው እስኪበስል የአባቴ ዓይን አይጠብቅም። ያለን ይህች ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበረች።

“አባዬ፣ በማንኪያ ትንሽ ልነካካት? ምናልባት ብትነቃ።”

“አትንኪያት። ከመኪና ነው የወረደችው፤ ትረፍ።”

“ሳትከፈት ብትሄድስ?”

“ሳትከፈት ትሄዳለቻ።”

እንዲህ ብሎ መቀመጥ እንዴት እንደሚቻል አላውቅም ነበር። እኔ ከንፈሬን እየነከስኩ እሱ ዝም ብሎ ይተነፍሳል። ዝናብ ሊመጣ ንፋስ ተነሳ፤ ከዚያ ንፋሱ ራሱ ደመናውን ገፋውና ፀሐይ ወጣች። ብርሃኑ ባልዲው ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቆይቶ ከመሃሏ አንድ ጣት የመሰለ ነገር ወጣ። ሌላ ተከተለው። ቀስ እያለች፣ ማንም ሳያዛት፣ ሙሉ በሙሉ ተከፈተች። ጫፍ ጫፏ ለጋ አረንጓዴ ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

“አባዬ፣ ተከፈተች” አልኩት።

ጎንበስ አለ። ነገር ሲፈልግ እንደሚያደርገው አንገቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና አለና ጮክ ብሎ ተጣራ።

“እቴቴ! ነይ ውጪ። አየኋት።”

የክፍሉ በር ተከፈተ። እቴቴ በባዶ እግራቸው መጡ። “እውነት? እውነት አየሃት?”

“አየኋት። ያችው ናት። ጫፍ ጫፏ ወይን ጠጅ። ምንም አልቀረብኝም እቴቴ፤ ምንም አላጎደልሽብኝም።”

እኔ ወደ ባልዲው ተመለከትኩ። አረንጓዴ ነው። የታመመ ዓይን ቀለም ይቀይር ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

እቴቴ፣ በዕድሜያቸው ባሕር አይተው የማያውቁ ሴት፣ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። “ማርያምን” አሉ። “ለዚህች ኖሯል ባዶ ውሃ ስትቀልቡ የከረማችሁት?” ቀና ብለው የአባቴን ሁለት ዓይኖች ሳሙ። ያን ቀን ማታ ራት በሉ።

ሰኞ ማለዳ ደምስ ባልዲውን ይዞ ሄደ። ከጂቡቲ ደውሎ ከተወሰደችበት ድንጋይ ላይ እንዳስቀመጣት ነገረን። እኛም የተቀቀለውን ድንጋይ መልሰን ደርድረን፣ ደምስ ባመጣው አዲስ ውሃ ከዜሮ ጀመርን።

ክረምቱ ሲወጣ አባቴ ሰው በድምፅ እንጂ በመልክ መለየት ተወ። ገና ላይ የቀረው ብርሃንና ጨለማ ነበር። ክዳኑን ከፍቶ ማሽተቱን ግን አልተወም። የሳጥኑ ዘበኛ ደግሞ እቴቴ ሆኑ። እንግዳ ጠጋ ሲል “ጥሬ ነው፣ እንዳትነኩት፤ የሚበስለው በእሳት እንዳይመስላችሁ” ይላሉ። ባዶውን ውሃ ራሳቸው ይቀልቡት ነበር። አንዴ መብራት ለቀናት ጠፍቶ ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ሲመለስ ያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው። በዐቢይ ጾም መጨረሻ ታመው አረፉ። ከማረፋቸው በፊት አባቴን “እንኳን አየሃት፤ ይህን ጸጸት ይዤ አልሄድም” እንዳሉት ሰምቻለሁ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት አባቴ ክዳኑን ከፈተ፤ አሸተተ፤ እጁን መስተዋቱ ላይ አሳርፎ ቆየ። “በሰለ” አለ። ደምስ ሌላ አበባ አመጣልን። ገብታ ጥቂት ዞረች፤ ከዚያ እቴቴ ከቀቀሏቸው ድንጋዮች አንዱ ላይ እግሯን ተከለች። ደህና እስክትጸና ጠበቅን። እኔም ጠበቅኩ። አባቴ እጁን ታጥቦ ጣቱን ወደ ውሃው አስገባና እኔ እየመራሁት ነካት።

ፊቱ ተለወጠ። “ያዘችኝ” አለ። ቆይቶ ደግሞ “አሁን ገና አገኘኋት” አለ።

“ያኔ ባልዲው ውስጥ አይተሃት የለ?”

ጣቱን ሳያወጣ ሳቅ አለ። “የባልዲውን ነጭ አየሁ፤ ውስጡ ያለው ግን ጭጋግ ብቻ ነበር። ጫፏ ምን ዓይነት ነበር?”

“አረንጓዴ።”

“አረንጓዴ” አለ፤ ቃሉን አፉ ውስጥ ይዞት ቆየ።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኔ ያን እሑድ የአንድ አበባ መከፈት ስጠብቅ ነበር የዋልኩት። እሱ ደግሞ የእህቱ በር እስኪከፈት ሲጠብቅ ነው የዋለው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ተለወጥሽ ወይ ብትሉኝ ምላሴ አሁንም ይቃጠላል፤ ደንበኛም አሁንም ቆሞ ይጠብቀኛል። ግን በአንድ ነገር ተለውጫለሁ። ሰው በደግነት ተነስቶ የደከምኩበትን ሲያበላሽብኝ፣ አፌ ላይ የመጣው ነገር ከመውጣቱ በፊት አባቴ ከድስቱ በላይ ጎንበስ ብሎ የጠየቀውን ጥያቄ አስታውሳለሁ። አንዳንዴ ጮክ ብዬም እጠይቃለሁ፤ ድንጋዩ በሰለ? የምጠይቀው ሰው አይገባውም። ቁጣዬ ግን ያልፋል። ዕቃ ሲሰበር፣ ዕቅድ ሲፈርስ፣ ወራት ሲባክን ሁሉም ቢያምም እንደገና ይጀመራል። ሰው ሲሰበር ግን ከዜሮ የሚጀመር አይመስለኝም።

ይህን ታሪክ እስካሁን ያልጻፍኩት በእቴቴ ምክንያት ነው። አሁን እሳቸው አያነቡትም። ሰፈራችሁ ልደታ የሆነ፣ እቴቴን የምታውቁ ካላችሁ ግን አንድ አደራ አለኝ። መቃብራቸው አጠገብ ስታልፉ እንኳ ይህን እንዳታወሩ። አባቴ አይቷታል።